ሁልጊዜ ሰባት ዓመት የሚሆነው ፈረሴ

ስለ ዕድሜው የማይዋሽ ፍጥረት ፈረስ ብቻ ነው። የማይዋሸውም መናገር ስለማይችል ነው። የሚናገርለት ባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ... ነጋዴ ነው።

ደባርቅ ገበያ ወርዳችሁ የሚሸጥ ፈረስ ዕድሜው ስንት ነው ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ሰባት ነው። አራት ቢሏችሁ ገና ልጅ ነው፣ ጭነት አይችልም ትላላችሁ። አሥር ቢሏችሁ አለፈበት ትላላችሁ። ሰባት ግን ማንንም የማያስቀይም ቁጥር ነው። እኔም ቦራን ከአንድ የበየዳ ሰው ስገዛው ሰባት ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ክረምት ገብቶ ወጣ፤ ቦራ ግን ቃሉን ጠብቆ እስካለፈው ጥቅምት ድረስ ሰባት ዓመቱ ነበር።

ታዲያ አፉን ከፍተህ ሳታይ ነው የገዛኸው? እንዳትሉኝ። አይቻለሁ። ነጭ ሽንኩርትና ገብስ ስነግድ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ያላየሁትን አልገዛም። ከንፈሩን ገልበጥ፣ ዓይኔን ጠበብ አድርጌ “እህም” አልሁ። የበየዳው ሰውዬ “እህም” ማለቴን ሲሰማ የማውቅ መስሎት ዋጋውን ትንሽ ቀነሰልኝ። የፈረስ ጥርስ ሲታይ ምን እንደሚታይ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የነገረችኝ የሚስቴ የእህት ልጅ ቤዛ ናት። ቤዛ ጎንደር የእንስሳት ሕክምና ትማራለች። ዘንድሮ ልትመረቅ ስለሆነ “የመመረቂያ ጥናቴን በፈረስ ላይ ነው የምሠራው” ብላ እኛ ቤት መጣች። ጥናቱ ፈረስ ከየት እንደመጣ፣ እንዴት እንደሚያረጅ፣ እንዴት እንደሚሠለጥንና ሰውን እንዴት እንደሚያክም ነው አለች። እኔ እንኳ ቦራ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ ከበየዳ ነው። እሷ ግን ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብላ ጀመረችው።

“ጋሼ፣ ድሮ ድሮ ፈረስ ቀበሮ የሚያክል ነበር። ጣትም ነበረው።”

“በቀበሮነቱ ቢቀር ምን ነበረበት? ለድርቆሽ ባልተጨነቅን።”

“ኋላ እየሮጠ ሲኖር እግሩ ረዘመ፤ ከጣቶቹ አንዷ ብቻ ቀረች፤ እሷ ናት ኮቴው።”

በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል። እንኳን ይህን አልሰማች። እናቷም ዘሯን ስትቆጥር ቀበሮ የሚያክል አያት ላይ ልትደርስ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር። ነገሩ የተበላሸው ቤዛ ሚስቴ ጥሩወርቅ ፊት የቦራን ከንፈር ስትገልጥ ነው።

“ይኸ የጎን ጥርሱ ላይ ያለው መስመር ይታያችኋል? አሥር ዓመት ገደማ ከላይ ይጀምራል፤ ሃያ ሲሞላ ታች ይደርሳል። የቦራ ታች ደርሶ፣ ከላይ ደግሞ መጥፋት ጀምሯል።”

ጥሩወርቅ መጀመሪያ ጥርሱን፣ ቀጥሎ የድርቆሹን ክምር፣ መጨረሻ ላይ እኔን አየች።

“ስለዚህ ድርቆሹን የሚጨርሰው ጡረተኛ ነው።”

“ሲገዛ ሰባት...”

“ካረጁ አይበጁ። ጭነት ስትጭነው ይተኛል፤ ሳትጭነው ይበላል። እስከ ኅዳር ሚካኤል የሚሠራው ሥራ ካላገኘህለት ትለቀዋለህ።”

በእኛ አገር ያረጀ ፈረስ አይታረድም፤ የሚገዛውም የለም። ከከተማ ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ ይለቀቃል። “ለቀቅሁት” ነው የሚባለው፤ ደግ ሥራ ይመስላል። ጅቡም እንደዚያው ነው የሚያስበው።

እኔ ለፈረስ የምራራ ሰው አይደለሁም። ነጋዴ ነኝ። ብቻ አንድ ጊዜ ከዳባት ስመለስ ጉም ወርዶ የገዛ እጄ እንኳ አልታይ ሲለኝ፣ ልጓሙን ለቅቄለት ደጃፌ ድረስ ያመጣኝ ቦራ ነው። ይህን ያነሳሁት ለወሬ ያህል ነው።

ቤዛም ፈረሱ ከተለቀቀ ጥናቷ አብሮ ሊለቀቅ ነውና ወገቧን አሰረች። መጀመሪያ ጅራፌን ቀማችኝ።

“ጋሼ፣ ፈረስ በዱላ አይማርም። በሽልማት ነው የሚማር።”

“እኔ እኮ በዱላ ነው የተማርሁት።”

“እርስዎማ መቼ ተማሩ?”

እውነቷን ነው፤ ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ ነው ገበያ የገባሁት። ቦራ ግን ተማረ። ቤዛ እጇን ጨብ ስታደርግ ይቆማል፤ አንገቱን ወደ መሬት ይደፋል፤ እፍኝ ገብስ ይሰጠዋል። ከዚያ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ እንደገና ጨብ፣ እንደገና መድፋት፣ እንደገና ገብስ። መቆምና ማቀርቀርን እሷ ሳትመጣም ያውቅበት ነበር። ልዩነቱ አሁን ገብሴ እየተከፈለው መሆኑ ነው።

“ይኸ ነው ሥራው?” አለች ጥሩወርቅ።

ቤዛ ያን ጊዜ ነው የመጨረሻውን ያወጣችው። ፈረስ አጠገብ ጸጥ ብሎ መቀመጥ የሰውን መንፈስ ያረጋጋል፤ የደም ግፊትንም ሊያወርድ ይችላል አለች። እኔ ደግሞ ግፊት አለብኝ። ጤና ጣቢያ ስሄድ ጨውና ንዴት ተው ብለውኛል። ጨውን ትቻለሁ። የነጭ ሽንኩርት ዋጋ ሲወድቅ እያየ ንዴትን የሚተው ነጋዴ ካለ ግን ቅዱስ ነው፤ ታቦት ይቀረጽለት።

“ቦራ ጋሼን ካከመ ሥራ አገኘ ማለት አይደለም?” አለች ቤዛ።

ጥሩወርቅ አሰበችበት። “ግፊቱ ከወረደ ፈረሱ ይቆያል። ካልወረደ ይለቀቃል።”

ሜዳውም ይኸው ፈረሱም ይኸው ተባለ። የቦራ ነፍስ በእኔ ደም ሥር ላይ ተንጠለጠለች። ይህም ለግፊት ጥሩ እንዳልሆነ ትረዱልኛላችሁ።

የሙከራው ቀን እሑድ ጠዋት ነበር። ቤዛ ክንዴ ላይ መለኪያውን አስራ ነፋች፣ ግንባሯን ቋጠረች።

“ዕድሜ?”

“ሃምሳ።”

“አምናም ሃምሳ ነበር፤ ካቻምናም” አለች ጥሩወርቅ ከጓዳ።

ቤዛ ቀና ብላ ጥርሴን አየች።

ከዚያ ግቢው መሀል ምንጣፍ አንጥፋ በጀርባዬ አስተኛችኝ። ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ የኮቴውን ድምፅ ብቻ ይስሙ፣ ሲረጋጉ ደግሞ ይቀመጡበታል ብላ ቦራን ኮርቻ ጫነችው። የስሜን ጠዋት ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ ለሽማግሌ ፈረስ መገጣጠሚያ አይሆንም ብላ ጋቢዬን ከኮርቻው ላይ ጣለችበት። እኔ ዝንብ ሲያስቸግረኝ የጥሩወርቅን ነጠላ ፊቴ ላይ ሳብ አደረግሁ። ጥሩወርቅ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች፤ ስለ ድርቆሽ እያሰበች ነበር። ቤዛ ቦራን ይዛ ዝግ ባለ እርምጃ በዙሪያዬ መዞር ጀመረች።

እንግዲህ ዘመድ ናችሁ፤ ፍረዱኝ። በእኛ አገር ወግ አንድ ደህና ሰው ሲሞት ፈረሱ ይጫናል፤ የሟቹ ልብስ ኮርቻው ላይ ይደረጋል፤ ለቅሶው መሀል ቀስ እያለ ይዞራል። ጎረቤታችን እትዬ ስንዱ ከቅዳሴ ስትመለስ በአጥራችን ላይ ብቅ አለች። ኮርቻው ባዶ ነው፣ ጋቢዬ ላዩ ላይ ነው፣ እኔ ተሸፍኜ ተዘርሬያለሁ፣ ሚስቴ አገጯን ይዛለች። ይህን አይቶ “የመመረቂያ ጥናት ነው” የሚል ሰው ደባርቅ ውስጥ አልተወለደም።

“ወይኔ ወንድሜ...” ብላ ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

እኔ አልሰማኋትም። ተኝቼ ነበር። ከመስቀል ወዲህ እንዲህ ያለ እንቅልፍ ወስዶኝ አያውቅም። የኮቴው ድምፅ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ... የልጅቱ ትምህርት እውነት ነበር ማለት ነው። ሊገለጥ ሲል ነው የተበላሸው።

ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው ሁሉ በበሩ ገባ። ቤዛ ደንግጣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ተቀበለቻቸው።

“ዝም በሉ፤ እንዳትቀሰቅሷቸው፤ ተኝተው ነው።”

የእድራችን ዳኛ አቶ ደሴ ራሷን ደባበሷት። “አዎ ልጄ፤ ሁላችንም እንተኛለን።”

ከሁሉ የገረመኝ ጥሩወርቅ ናት። አጠገቤ ነበረች፤ ሳንኮራፋ ትሰማኝ ነበር። ነገር ግን ያ ሁሉ ሰው ሲያለቅስ ብታይ፣ ከጆሮዋ ይልቅ ጎረቤቷን አመነችና እሷም ጮኸች። ከልቧ ነው የጮኸች። ኋላ ስጠይቃት “ሰው ፊት ዝም ልበል?” ብላኛለች፤ ግን ዓይኗ እስከ ማግሥቱ ቀልቶ ነበር። ይህንንም ለወሬ ያህል ነው ያነሳሁት።

እኔን የቀሰቀሰኝ የድንኳን ካስማ ሲመታ ነው። በነጠላው ሥር ዓይኔን ገለጥ አደረግሁ። የአገሩ ስመ ጥር አልቃሽ እማማ ታንጉት ራስጌዬ ቆመዋል። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ይቀበሏቸዋል። ለምን ወዲያው አልተነሳህም ትሉኝ ይሆናል። ነጋዴ ነኝ፤ ዋጋዬን ሳልሰማ አልነሳም። እማማ ታንጉትም ዋጋዬን ተናገሩ፦

ጣቱን ከሚዛኑ የማያነሳ ሰው፣
ሚካኤል ሊመዝን ለብቻው ወሰደው።

ሕዝቡ በዕንባ ተቀበለ። ማንም “ኧረ አይደለም” አላለም። እኔ ጣቴን የማደርገው ሚዛኑ እንዳይወዛወዝ ነው... ይህን ላስረዳ ብዬ ነጠላውን ገፍፌ ቀና አልሁ።

የሆነውን ዘርዝሬ አልጨርሰውም። እትዬ ስንዱ በገባችበት በር ሳይሆን በአጥሩ ወጣች። ጡሩምባ ነፊው ጡሩምባውን ጥሎ ሮጠ። ካህኑ ከሩቅ አማተቡብኝ። የቆሙት አቶ ደሴ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ተቀይመው ነው።

“አያ መኳንንት፣ ድንኳን ከተተከለ በኋላ መነሣት ደንብ አለው?”

“ሳይተከል ብትጠይቁኝ ኖሮ...”

“ልጅቱን ጠይቀናል፤ ተኝቷል አለች።”

ቤዛ መለኪያዋን ይዛ መጥታ ክንዴን አሰረች፤ ነፋች። ጥሩወርቅ ዕንባዋን እየጠረገች ጠበቀች። እኔ ስለ ደሜ አላሰብሁም። ስለ ሜዳው ነበር የማስበው።

“ከጠዋቱም ብሷል” አለች ቤዛ መለኪያውን እየፈታች።

አለቀ። ጥሩወርቅ ቦራን አየችው። እኔም ላለማየት ብዬ አየሁት። ያ ሁሉ ትርምስ ሲሆን ፈረሱ ካለበት ንቅንቅ አላለም። አንገቱን እስከ መሬት ደፍቶ፣ ያረጀ ዓይኑ ዕንባ እያወረደ ቆሟል። ሴቶቹ ደረታቸውን በደቁ ቁጥር ድምፁ የቤዛን ጭብጨባ መስሎታልና ገብሱን እየጠበቀ ነበር። ንፍሮ ጠብቆ ለቅሶ ቤት የሚውል ስንት ሰው ስላለ እኔ አልፈርድበትም። እማማ ታንጉት ግን ገብሱን አያውቁም። ቀርበው አንገቱን ዳሰሱት።

“ስንት ለቅሶ ላይ ፈረስ አየሁ። ያ ይራገጣል፣ ያ ግጥሜ መሀል ያሽካካል፣ አንዱማ እግሬን ረግጦኛል። እንዲህ ከሰው እኩል የሚያዝን አላየሁም።”

አቶ ደሴ ቅያሜያቸውን ረስተው ቀረብ አሉ። “አያ መኳንንት፣ ለእድሩ ለምን አታደርገውም? ባለ ፈረስ ለቅሶ ሲኖር እሱ ይዙር። ድርቆሹንና ገብሱን እድሩ ይችላል። ዕድሜው ስንት ነው?”

ልማድ ክፉ ነው። “ሰባት” አልሁ።

የአቶ ደሴ ፊት ጠቆረ። “ወጣት ነዋ። ወጣትማ ይራገጣል፤ ይቅርብን።”

“ሃያ አልፎታል” አለች ቤዛ ከኋላዬ። “ጥርሱን ላሳይዎት እችላለሁ።”

“እሰይ። እንደሱ አትለኝም?”

ስነግድ በኖርሁበት ዘመን ሁሉ እውነት ዋጋ ሲጨምር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጥሩወርቅ ወዲያው “ኧረ ሃያ አምስትም ይሆነዋል” አለች።

የኅዳር ሚካኤል ቀን ቦራ ሜዳ አልወጣም፤ ዳባት ለቅሶ ላይ ነበር። ከድብ ባሕር ድረስም እየመጡ ይጠይቁናል። ቤዛ ጥናቷን አቅርባ ተመርቃለች። መጨረሻው ላይ ምን ብለሽ ጻፍሽ? ብላት፣ “ሕመምተኛው ባሰበት፤ ፈረሱ ግን ዳነ ብዬ” አለችኝ። አስተማሪዋ የታከመው ማን እንደሆነ ግልጽ አድርጊ ብሏት ነበር አሉ።

ሰሞኑን ግን አንድ ነገር አላማረኝም። ቦራ ከለቅሶ ሲመለስ በሩ ላይ ቆም ይልና ትክ ብሎ ያየኛል፤ ፊቴን አይደለም፣ አፌን። ዕድሜዬን ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ዛሬም ሃምሳ ነኝ። በእሱ ፊት ግን ከንፈሬን ገጥሜ ነው የማልፈው።