የወይዘሮ ጥላነሽ ቀማሾች

በየሠፈሩ አንድ አይጠፉም፤ ትናንት የሰሙትን የምግብ አሠራር ዛሬ ሞክረው፣ ውጤቱን ከጎረቤት ፊት ላይ የሚያነቡ ሴት። አሰብ፣ የወደብ ሠራተኞች መኖሪያ ውስጥ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክብርት ወይዘሮ ጥላነሽ ነበሩ። ማንም አልመረጣቸውም። ከሥልጣን የሚያወርዳቸውም አልተገኘም።

ሙሉመቤት ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች የሒሳብ አስተማሪ ናት። ከወይዘሮ ጥላነሽ ቤት የሚለያት አንድ አጭር ግንብ ብቻ ነው። በመጣች ማግስት፣ ሻንጣዋን እንኳ ሳትፈታ፣ በግንቡ ላይ አንድ ሰሃን ብቅ አለ። ከሰሃኑ ኋላ የወይዘሮ ጥላነሽ ፊት ተከተለ።

«ቀላል ነው» አሉ፣ ሰላምታውን ዘለው። «ሦስት ነገር ብቻ ነው ያለበት።»

ሦስቱ ነገሮች ማካሮኒ፣ ሽሮና ቴምር ነበሩ። ሙሉመቤት ይሉኝታ ይዟት ጎረሰች። ፊቷ ምን እንደመሰለ እሷ አታውቅም፤ ወይዘሮ ጥላነሽ ግን ትክ ብለው አዩትና አንገታቸውን ነቅንቀው ወደ ጓዳቸው ተመለሱ።

በዚህ ተጀመረ። የዓሣ ዱለት መጣ። ፓፓያ በሚጥሚጣ መጣ። አንድ ሰሞን ከአንዲት የመናዊት ጎረቤት ያዩትን የሎሚ መረቅ በቃሪያ አጠንክረው ቢያቀምሷት፣ ሙሉመቤት ክፍል ገብታ ድምፅ አልወጣ ብሏት ግማሽ ቀን በጠመኔ ብቻ አስተማረች። በጾም ለማምለጥም ሞከረች። ረቡዕና ዓርብ ይቅርና፣ ካህናት ካልሆኑ በቀር ማንም የማይጾማቸውን ጾሞች ሁሉ ያዘች። ወይዘሮ ጥላነሽ የጾሙን ለብቻ ሠርተው መጡ።

ሠፈሩ ከራሱ ይልቅ የሚያዝነው ግን ለባለቤታቸው ለጋሽ ሣህሉ ነበር። ጋሽ ሣህሉ ወደብ ላይ ክሬን የሚያንቀሳቅሱ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። የቀረበላቸውን ሁሉ ሳይመርጡ ይበላሉ፤ ሲጨርሱ «ጥሩ ነው» ብለው እጃቸውን ይታጠባሉ። ሙሉመቤት እንዲህ ያለ ትዕግሥት ገዳም ውስጥም የሚገኝ አይመስላትም ነበር።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ፋሲካ በዋለ ሳምንት፣ ወይዘሮ ጥላነሽ በየበሩ ዞረው ሠፈሩን አፍ ያስከፈተ ነገር ተናገሩ።

«ቅዳሜ የሣህሉን ልደት አከብራለሁ። ሃምሳ ዓመት ሞላው።»

ሽበት ያወጣ ሰው ልደት ሲከበርለት በዚያ ሠፈር ያየ አልነበረም። ልደት የጌታ ነው፤ ግፋ ቢል የሕፃን።

«የተወለዱበትን ቀን በምን አወቁት፣ እትዬ?» አለች ሙሉመቤት።

«እናቱ ጣሊያን አዲስ አበባ በገባ ሰሞን ወለድኩት ይሉ ነበር። ጣሊያን የገባበት ቀን መቼም አይጠፋም።»

«ምን ሊሠሩ አስበዋል?»

«አዲስ ነገር» አሉ። «ቀላል ነው።»

 ፋሲካ ገና ማለፉ ነው፤ ጾም ነኝ ብሎ ማምለጥ አይቻልም። ሙሉመቤት አስባ አስባ አንድ መላ አገኘች። ቅዳሜ ቀትር ላይ ጎረቤቶቿን በሙሉ ቤቷ ጠርታ ወፍራም የሥጋ ወጥ አበላቻቸው። የጠገበ ሰው ቢቀምስም ጥቂት ነው ብላ ነው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ቸሩ ሁለት ጊዜ አስጨመሩና፣ «ለመሆኑ የማታው ስብሰባ አጀንዳ ምንድነው?» ብለው ጠየቁ። ልደት ነው ቢሏቸው አላመኑም።

አመሻሽ ላይ ሁሉም ቀበቶውን አላልቶ ወይዘሮ ጥላነሽ ግቢ ውስጥ ተቀመጠ። ሙቀቱ ገና አልበረደም። ጋሽ ሣህሉ አዲስ ሸሚዝ ለብሰው፣ እንደ ሙሽራ አንገታቸውን ደፍተው መሐል ላይ ተቀምጠዋል። ምግቡ ግን አይመጣም። ቆይቶ የማረር ሽታ ከጓዳ ወጣ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ፤ ሙሉመቤት ተነሥታ ገባች።

ወይዘሮ ጥላነሽ ቡታጋዙን አጥፍተው፣ ትልቅ ድስት ፊት ለፊት ሣጥን ላይ ቁጭ ብለዋል። ሩዝ በዓሣ ነው።

«አረረብኝ» አሉ።

«ምንም አይደል፣ እትዬ። ጋሽ ሣህሉ እንደሆኑ ሁሉም ነገር ይጣፍጣቸዋል።»

«ምንም አይጣፍጠውም።»

ሙሉመቤት የሰማችው አልገባትም።

«ያ ክፉ ጉንፋን ይዞት የተነሣ ጊዜ ሽታውንም ጣዕሙንም ይዞበት ሄደ» አሉ ወይዘሮ ጥላነሽ፣ ዓይናቸውን ከድስቱ ሳያነሡ። «አራት ዓመት ሆነው። ጨውና ስኳር አይለይም። ዶሮ ወጥ ብሠራለት ወረቀት የሚያኝክ ነው የሚመስለው። ከሥቶ ሊያልቅብኝ ነበር። ለሰው እንዳትነግሪ አለኝ፣ አልተናገርኩም። ታዲያ የሚሰማው አንድ ነገር ባገኝ ብዬ ነው የማልሞክረው የለም። መጀመሪያ ለናንተ አቀምሳለሁ። ፊታችሁ ጭምድድ ሲል ሳይ፣ ይኼ ጠንካራ ነው፣ እሱም ሳይሰማው አይቀርም እላለሁ።»

 ሙሉመቤት ተደብቃ ለድመት የሰጠቻቸው ሰሃኖች፣ ከአስተማሪዎች ጋር የሣቀችባቸው ምሳዎች ሁሉ አንድ ላይ መጡባት። 

«ተነሡ፣ እትዬ» አለች በመጨረሻ። «ድስቱን አብረን እንያዘው።»

ከላይ ያላረረው ለእንግዶች ወጣ። እንግዳ ሁሉ እየተጨነቀ ጎረሰ፤ ጎርሶም ደነገጠ፤ ደህና ምግብ ነበር። ለጋሽ ሣህሉ ሲደርስ የቀረው የድስቱ ቂጥ ብቻ ሆነ። ወይዘሮ ጥላነሽ አፍረው ከዳር ከዳሩ ፈቅፍቀው ሰጧቸው።

ጋሽ ሣህሉ አንዴ አኘኩ። ድምፁ ግቢው ጫፍ ድረስ ተሰማ። ማኘካቸውን አቆሙ። ጓድ ቸሩ ጥርሳቸው የተሰበረ መስሏቸው ብድግ አሉ።

«ይኼ ምንድነው?» አሉ ጋሽ ሣህሉ።

«አርሮብኝ ነው። ተወው፣ ሣህሌ።»

«ይንኮሻኮሻል» አሉ፣ ደግመው እያኘኩ። «እዚህ፣ መንጋጋዬ ሥር ይሰማኛል።» ሰሃኑን ዘረጉ። «ጨምሪልኝ።»

ወይዘሮ ጥላነሽ ጭልፋውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ።  ሙሉመቤት ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው። ጭልፋውን ከእጃቸው ተቀብላ፣ ድስቱን አጋድማ፣ ያረረውን እየላጠች የጋሽ ሣህሉን ሰሃን ሞላችው። ከዚያ፣ መተንፈስ እስኪያቅታት ጠግባ ሳለ፣ ለራሷም አንድ ሰሃን አወጣችና ከወይዘሮ ጥላነሽ ጎን ተቀምጣ መብላት ጀመረች።