ካፖርት የሚያስወልቅ እሳት

[የታላቅ ወንድም ሳሎን። አንዱ ወንበር የባለቤቱን ቅርጽ ይዞ ጎድጉዷል፤ ሌሎቹ እንደተገዙ ናቸው። ጥግ ላይ ባለመስታወት በር ያለው ጥቁር የብረት ምድጃ ቆሟል፤ ከአናቱ የወጣው የጭስ ቧንቧ ጣሪያውን በስቶ ይሄዳል። ውጭ ብርድ ነው፤ ውስጥም ያው ነው። ታላቅ ዕድሜውን ሙሉ ሙዚየም ውስጥ ለጎብኚ ሲያስረዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ታናሽ የጥርስ ሐኪም ነው። ሁለቱም ምድጃው ፊት ቁጢጥ ብለው አንዲት ትንሽ አካፋ ይጓተታሉ።]

ታላቅ፦ ልቀቅ አልኩህ! አመዱን አትንካ!

ታናሽ፦ ጋሼ፣ አመድ እኮ ቆሻሻ ነው።

ታላቅ፦ ማን አለህ?

ታናሽ፦ እማዬ። ልጅ ሆነን አመድ ላይ ስንጫወት ትገርፈን አልነበር?

ታላቅ፦ የምትገርፈው አንተን ነበር። እኔ ለምን እንደተጫወትን አስረዳት ነበር። ስማ፣ ይሄ ምድጃ ሁሉን በል ነው። ፍልጥ ይበላል፣ የድንጋይ ከሰል ይበላል፣ የተጠፈጠፈ ከሰል ይበላል። አበላሉ ግን እንደየምግቡ ነው። እንጨት ፍራሽ ይፈልጋል፤ አመዱ ላይ ተኝቶ፣ ሙቀቱን ከሥሩ ይዞ ነው የሚነደው። ለከሰል ግን ፍርግርጉ ተጠርጎ አየር ከሥር ሽው ሊልለት ይገባል። ገባህ?

ታናሽ፦ ገባኝ። እንጨት ተኝቶ ይነዳል፣ ከሰል ቆሞ ይነዳል።

ታላቅ፦ ቆሞ አላልኩም!

ታናሽ፦ ተቀምጦ?

ታላቅ፦ ኧረ በፈጠረህ! አካፋውን አስቀምጥና መስታወቱን ወልውል። ጋዜጣ አርጥብ፣ አመድ አስነካው፣ ጥቀርሻውን እሸው።

ታናሽ፦ አመድ ያጸዳል እንዴ? አሁን ቆሻሻ ነው ስልህ ነበር።

ታላቅ፦ ቆሻሻ ነው ያልከው አንተ ነህ!

ታናሽ፦ [እየወለወለ] እውነትም ይለቃል። ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ነገር ለጥርስም ይሆን?

ታላቅ፦ ታካሚዎችህን አምላክ ይጠብቃቸው። ቶሎ በል፣ እማዬ መድረሷ ነው።

ታናሽ፦ ከአውቶቡስ ወርዳለች። መኪና ይዤ ልምጣ ብላት "እግር አለኝ" ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።

ታላቅ፦ ያለችውን አልረሳህም መቼም። "የብርዱን ወራት የምከርመው ካፖርቴን ያስወለቀኝ ቤት ነው" ብላለች። ካቻምና አንተ ዘንድ፣ አምናም አንተ ዘንድ። እኔ የእንጀራ ልጅ ነኝ? ለእኔ ቤት ሰው አያስፈልገውም? ድምፅህ ከግድግዳ ተመልሶ ሲመጣ ብቻ የምትሰማ ከሆነ እኮ... ተወው። [ከበሩ ኋላ አዲስ የተመታች ሚስማር ያሳያል።] አየሃት ይቺን? ለካፖርቷ የመታኋት ናት። ዘንድሮ ትሰቀልባታለች!

ታናሽ፦ [ሚስማሯን አተኩሮ አይቶ] ጠንካራ ናት። እኔም እንድትከርም ስለምፈልግ ነው ልረዳህ የመጣሁት።

ታላቅ፦ የት እንድትከርም?

ታናሽ፦ በሙቀት ነዋ።

ታላቅ፦ እሱማ ጥሩ። ከክምሩ ሁለት ፍልጥ አንሳና አጋጫቸው።

ታናሽ፦ [ያጋጫል፤ ቋ! ይላል።] ምን አጠፉ?

ታላቅ፦ ሰማህ? ደረቅ ፍልጥ ጥርት አድርጎ ይመልሳል። እርጥብ ከሆነ ግን ያጉረመርማል። እርጥቡን ካጎረስከው ቧንቧውን በጥቀርሻ ይደፍነዋል።

ታናሽ፦ ሚስቴ ታዲያ ደረቅ ናት።

ታላቅ፦ ምን አገናኛቸው?

ታናሽ፦ አንድ ነገር ሳጋጫት ጥርት አድርጋ ትመልሳለች።

[ታላቅ ጋዜጣና ጭራሮ ደርድሮ ክብሪት ይጭራል።]

ታናሽ፦ ጋሼ፣ እሳቱ ከላይ ነው ከታች የሚለኮሰው?

ታላቅ፦ [ክብሪቱን እንደያዘ] አዎ! ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እሳት ወደ ላይ ስለሚወጣ ከታች ይለኮስ ይላሉ። ነገር ግን ጭራሮው ከላይ ሆኖ ከነደደ ቧንቧውን አስቀድሞ ያሞቀዋል፤ ቧንቧው ሲሞቅ ደግሞ... ውይ! ውይ! ጣቴን!

ታናሽ፦ ጣትም ይበላል? ሁሉን በል ነው ለካ።

[ታላቅ ጣቱን እየጠባ ሌላ ክብሪት ይጭራል። ጭራሮው ይያያዛል፤ ነበልባሉ መስታወቱን ያበራዋል። ታላቅ ወገቡን ይዞ ይነሳል።]

ታናሽ፦ ውይ ሲያምር! ጋሼ፣ የምድጃው ግንባርና አገጭ ላይ ያሉት እነዚህ ነገሮች ምንድን ናቸው?

ታላቅ፦ የአየር በሮች ናቸው። የታችኛው ከፍርግርጉ ሥር ነው የሚያስገባው፤ ለከሰል የተሠራ ነው፤ ለእንጨት የምትከፍተው እስኪቀጣጠል ብቻ ነው። የላይኛው የእንጨት ነው። መስታወቱን ከጥቀርሻ የሚጠብቀውም እሱ ነው፤ አየሩ እንደ መጋረጃ ከላይ ወደ ታች...

ታናሽ፦ ወደ ቀኝ ሲሆኑ ነው የሚዘጉት ወደ ግራ?

ታላቅ፦ ና፣ ጠጋ በል። እንዲህ ይከፈታል... እንዲህ ይዘጋል። እንዲህ ይከፈታል... እንዲህ ይዘጋል።

ታናሽ፦ ያኛውስ?

ታላቅ፦ ያኛውም ያው ነው። ይሄ ተዘጋ፣ ያም ተዘጋ። አሁን እሳቱ ትንፋሽ አጣ ማለት ነው። ትንፋሽ ያጣ እሳት ምን ይሆናል?

ታናሽ፦ [በመስታወቱ እያየ] ጠፋ።

ታላቅ፦ ጎሽ! ይጠ... [ዞር ብሎ ያያል።] ምን?

ታናሽ፦ ታዛዥ እሳት ነው። ያልከውን አደረገ።

ታላቅ፦ [ድጋሚ እየተንበረከከ] ከዚህ በኋላ አንዲት ጥያቄ እንዳትተነፍስ! አንዲት!

ታናሽ፦ እሺ ጋሼ።

[እሳቱ ድጋሚ ይያያዛል። ታናሽ ይቁነጠነጣል፤ ያፏጫል፤ አንገቱን ያካል።]

ታናሽ፦ ኧረ ይቅር።

ታላቅ፦ ምኑ?

ታናሽ፦ ምንም። እሱን አንተም አታውቀውም።

ታላቅ፦ [ቀስ ብሎ ይዞራል።] ምን አልክ?

ታናሽ፦ ብታውቀው እስካሁን ትነግረኝ ነበር።

ታላቅ፦ እኔ ነኝ የማላውቀው? ጠይቅ! ጠይቅ እንጂ!

ታናሽ፦ ሁሉን በል ከሆነ፣ ከሰሉንና ፍልጡን አንድ ላይ ለምን አናጎርሰውም?

ታላቅ፦ ሁሉን ይበላል ማለት ሁሉን በአንድ ጉርሻ ይበላል ማለት ነው? እንጨት ውሃ አለው፣ ከሰል ድኝ አለው። ሁለቱ ጭሶች ቧንቧ ውስጥ ሲገናኙ ብረት የሚበላ አሲድ ይሆናሉ!

ታናሽ፦ ጥርስ እንደሚበላው?

ታላቅ፦ አንተ ከጥርስ ወዲያ ዓለም የለህም!

ታናሽ፦ የለኝም። ታዲያ ዛሬ እንጨት ነድዶበት ነገ ከሰል ቢያሰኘው አመዱ በየት በኩል ይወርዳል?

ታላቅ፦ በዚች እጀታ ነዋ! የምህንድስና ውበት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ይዘህ ትነቀንቃታለህ፣ ፍርግርጉ ይንቀሳቀሳል፣ ላዩ ላይ ያለው ሁሉ ወደ መሳቢያው... [ይነቀንቃል። ሽርርር!]

ታናሽ፦ ላዩ ላይ ያለው ሁሉ ወረደ።

ታላቅ፦ [መሳቢያውን ስቦ እየጨሰ ያለውን ጭራሮ ያያል።] አመዱም! እሳቱም!

ታናሽ፦ እሳት አመድ ወለደ ይባል ነበር። እዚህ ቤት አብረው ወረዱ።

ታላቅ፦ ተረት አትተርትብኝ! ጭራሮ አቀብለኝ! [ለሦስተኛ ጊዜ ይደረድራል፣ ይለኩሳል፣ ፍልጥ ይጨምራል።] በቃ። አሁን ማንም አይንካው። የሰማይ መልአክ መጥቶ ቢጠይቀኝ አልመልስም!

[እሳቱ ይነዳል። ታናሽ እጁን ኪሱ ከትቶ ወደ ቧንቧው ያንጋጥጣል።]

ታናሽ፦ እኔ ምንም አልጠይቅህም። አሁንማ ራሴም እየገባኝ ነው። ለምሳሌ ያቺ ቧንቧው ላይ ያለችው የብረት ምላስ ለጌጥ ናት።

[ታላቅ ዓይኑን ይጨፍናል።]

ታናሽ፦ ቆንጆ ጌጥ ናት። ፎጣም ይሰቀልባታል።

ታላቅ፦ ፎጣ!... ፎጣ? የምድጃውን ነፍስ ፎጣ መስቀያ ታደርጋታለህ? ና ወዲህ! ቧንቧው ውስጥ ሳህን አለች፤ ይቺ ምላስ ሳህኗን ታዞራለች። ሙቀት እንደ ዕድሜ ነው፤ ያዝ ካላደረግከው በጭሱ ተሳፍሮ ሳትጠግበው ይሄዳል። ይቺ ናት ያዝ የምታደርገው። ምላሷን ሽቅብ ስታቆማት ክፍት ነው፤ እንዲህ ስታጋድማት ደግሞ...

[ምድጃው በየስንጥቁ ጭስ ይተፋል። ቤቱ ይጨልማል። ሁለቱም ያስላሉ። በሩ ተከፍቶ እናት፣ ካፖርቷን እስከ አገጯ ቆልፋ፣ ትገባለች።]

እናት፦ የት ናችሁ? ልጄ ቤት ልገባ ብዬ ደመና ውስጥ ገባሁ?

ታላቅ፦ እማዬ! እንኳን ደህና መጣሽ! ይሄ ጭስ እኮ የመጣው...

እናት፦ ከምድጃው ነው። በመጀመሪያ መስኮት ክፈት! አንተ ደግሞ ያቺን ምላስ አቁማት! አቁማት እንጂ፣ ምን ታየኛለህ?

[ታናሽ ምላሷን በአንድ ጣት ያቆማል። ጭሱ ይሳሳል፤ ነበልባሉ ግን ጠፍቶ ፍም ብቻ ቀርቷል። ታላቅ መስኮቱ ጋ እንደቆመ ይቀራል።]

ታላቅ፦ እማዬ... አንቺ ስለ ምላሷ በምን አወቅሽ?

እናት፦ ምን ማወቅ አለው? አምና እግሬን ስዘረጋበት የከረምኩት ምድጃ አይደል! ያው ራሱ እኮ ነው ታናሽህ ቤት ያለው።

ታላቅ፦ እሱ ቤት ምድጃ የለም። ስንት ጊዜ ሄጄ!

እናት፦ አንተ የምትሄደው በሙቀት ወራት ነው። ያኔ ቧንቧውን ነቅለው ጨርቅ ያለብሱትና አበባ ያስቀምጡበታል።

ታላቅ፦ ያ... ያ ጠረጴዛ?

ታናሽ፦ "የጥንት እጅ ሥራ ነው፣ እግሩን እዩልኝ" እያልክ ለሚስቴ ስታስረዳት ዋልክ እኮ። ላሳፍርህ ስላልፈለግኩ ዝም አልኩ።

ታላቅ፦ ታዲያ እያወቅክ ነው ያን ሁሉ የጠየቅከኝ?

ታናሽ፦ ይቅር በለኝ ጋሼ። በመጀመሪያ እውነቴን ነበር የጠየቅኩህ፤ እኔ ቤት የምታነድደው ሚስቴ ናት። ኋላ ግን አየሁ፤ አንተ በመለስክ ቁጥር እሳቱ ይጠፋል። እኔ ደግሞ ሙያዬ አፍ ማስከፈት ነው።

እናት፦ ምን አድርጎህ ነው ወንድምህን እንዲህ የምትጫወትበት?

ታናሽ፦ እማዬ፣ አንቺ እኔ ቤት ስትኖሪ እኮ ሚስቴ አትጮህብኝም። አንቺ ከቀረሽ እኔ አለቀልኝ! በይ ነይ፣ መኪናው ደጅ ነው። ይሄ ቤት እንደሆነ ብርድ ነው።

[እናት በረጅሙ ተንፍሳ ወደ በሩ ትዞራለች። ሚስማሯን ታያለች።]

እናት፦ ይቺ ሚስማር ምንድን ናት?

[ታላቅ አፉን ይከፍታል። ስለ ሚስማሯ፣ ስለ ቤቱ፣ ስላለፉት ሁለት ዓመታት የብርድ ወራት ብዙ የሚለው አለ። ይዘጋዋል። በጣቱ ካፖርቷን፣ ቀጥሎ ሚስማሯን ብቻ ያሳያል። ከዚያ ምድጃው ፊት ተንበርክኮ የታችኛውን የአየር በር ይከፍታል፤ ከተዳፈነው ፍም ላይ ጭራሮ፣ ከጭራሮው ላይ ፍልጥ ያስቀምጣል። አንድ ቃል አይወጣውም። እሳቱ ቋ፣ ቋ ይላል፤ ይያያዛል። እናት በሩ ላይ እንደቆመች ታያለች።]

ታናሽ፦ እማዬ፣ እንሂድ እንጂ።

እናት፦ ቆይ እስቲ።

[ታላቅ የታችኛውን በር ዘግቶ የላይኛውን ይከፍታል። መስታወቱ ውስጥ ነበልባሉ ይወዛወዛል። ሙቀቱ መስኮቱ ጋ ይደርሳል። እናት መስኮቱን ዘግታ የካፖርቷን የላይኛውን ቁልፍ ትፈታለች።]

ታናሽ፦ [ደንግጦ] ጋሼ! ይሄ እሳት አሁን ፍልጥ ሲጨመርበት ወደ ጎን ነው ወይስ...

[ታላቅ ዝም። እናት ሁለተኛውን ቁልፍ ትፈታለች።]

ታናሽ፦ አየህ፣ ምድጃ ድሮ ከሸክላ ነበር የሚሠራው፤ ብረት የመጣው ትናንት ነው። አይደል?

[የታላቅ ጉንጭ ይንቀጠቀጣል። ከንፈሩን ይነክሳል።]

እናት፦ አንተ ተንኮለኛ፣ የያዝከውን ተንኮል ደጅ እስክንወጣ መያዝ አቃተህ? እሳቱን ምን እንደሚያጠፋው አንተው ነገርከው። የሰው አፍ ታስከፍታለህ እንጂ የራስህን መዝጋት አልተማርክም! [ሦስተኛውን ቁልፍ ትፈታለች። አንዱ ቀርቷል።]

ታናሽ፦ [ላብ በላብ ሆኖ፣ እንደመጨረሻ ጥይት] ጋሼ... ታላቄ... አንድ ጥያቄ ብቻ። ነበልባል ለምንድን ነው ሁልጊዜ ወደ ላይ የሚሄደው?

[ታላቅ ዕድሜውን ሙሉ ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው ጎብኚ ሲጠብቅ ኖሯል። ቀስ ብሎ ይነሳል። ጉሮሮውን ይጠርጋል። እጁን ለማስረዳት ያነሳል። እናት በመጨረሻዋ ቁልፍ ላይ ጣቷን አሳርፋ ታየዋለች። እጁ ይወርዳል።]

ታላቅ፦ አላውቅም።

[እሳቱ ሞቅ ይላል። እናት የመጨረሻዋን ቁልፍ ትፈታለች፤ ካፖርቷን አውልቃ ለታናሽ ትሰጠዋለች።]

እናት፦ እንካ፣ ሚስማሯ ላይ ስቀልልኝ። ሂድና ደግሞ ሚስትህን ታረቃት።