የመምህር ዘለቀ ሦስት ነፍሶች

ነፍስን እንደ ዳቦ የሚቆርሱ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? የሲቀላ ሰፈር ጎረቤቴ መምህር ዘለቀ ፍልስፍና ካነበበ ወዲህ የሰው ነፍስ ሦስት ክፍል አላት ይል ነበር፤ አሳቢ፣ ቁጡና ሆዳም። አንድ ቀን የእኔን ዓሣ ጥብስ የበላችው ሆዳሟ ናት፤ እሱ የለበትም።

አንድ ቅዳሜ ከካምባ የሚመጡትን አማቱን መናኸሪያ ሄዶ መቀበል ረሳ። ትዝ ሲለው አብረን ሮጥን። አማቱ ፀሐይ ላይ ሦስት ሰዓት ጠብቀው ነበር።

"ይቅርታ እማማ፣ አሳቢዋ ነፍሴ መጽሐፍ ላይ ነበረች" አላቸው።

እሳቸው ጆንያቸው ላይ እንደተቀመጡ ቀና ብለው አዩት።

"ልጄን የዳርኩት ለየትኛዋ ነው?"

ዘለቀ እጃቸውን ይዞ አስነሳቸው። ጎንበስ ብሎ ጆንያውን ተሸከመና በሩ ላይ ወደቆመ ባጃጅ አመራ። አማቱ ከኋላው እየተራመዱ ወደ እኔ ዘወር አሉ።

"ይቺኛዋ ደህና ናት" አሉኝ።