ለአማቴ አናት የሚሆን ጣሪያ

እሑድ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ሴቻ። አንድ ዝንጀሮ በቤቴ ጣሪያ ላይ ሲያልፍ የኋላ እግሩ ዝገት የበላውን ቆርቆሮ በስቶ ወደ ሳሎን ገባ። ኮርኒሳችን ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ በመሆኑ መከላከል አልቻለም። ዝንጀሮው እግሩን ይዞ ሄደ፤ በእጁ የነበረው ማንጎ ግን ቁርስ ጠረጴዛችን ላይ ወደቀ። በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም። በአንድ የሻይ ብርጭቆ ላይ አለ።

ዜናው ይኸው ነው። የቀረው ሐተታ ነው።

በዜና ሥራ ፀጉሬ እስኪሸብት ድረስ ያረጋገጥኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ሰው ጣሪያ እንዳለው የሚያስታውሰው ጣሪያው ሲከዳው ብቻ መሆኑን ነው። እስኪ አሁን ቀና በሉ... አያችሁት? ከስንት ጊዜ በኋላ ነው? እንዳትቀየሙኝ፤ እኔም ያየሁት ያን እሑድ ነው።

ባለቤቴ አስቴር በቀዳዳው ወደ ላይ አየች።

«ሰማይ ነው» አለች።

«ነው» አልኩ። በዓይኔ አይቼ ነው ያረጋገጥኩት።

ይህን እየተነጋገርን ሳለ ስልኳ ጮኸ። ከዶርዜ፣ አባቷ ነበሩ። አባባ ሻንካ ሸማኔ ናቸው፤ ቡሉኮ ሲሠሩ እጃቸው የተባረከ፣ ሲናደዱ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግረው ዓመት የሚዘጉ ሰው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛ ዘንድ ምሳ ሲበሉ ዝናብ መጣና ከጣሪያው የወረደ ጠብታ በቀጥታ ዳጣ በርበሬያቸው ውስጥ ገባ። ቀና አላሉም። ጠብታውን ከዳጣው ጋር አማሰሉና «የልጄ ቤት ወጥ ቀጭን ነው» ብለው ተነሡ። ከዚያ ወዲህ ደጃችንን አልረገጡም። አስቴር በየዓመቱ መስቀልን እኛ ጋ ይዋሉ ብላ ትለምናለች፤ እሳቸው በየዓመቱ ጉልበቴን አሞኛል ይላሉ። ጉልበታቸው ደግሞ ገበያ ሲሆን ዳገቱን ሁሉ ይወጣል።

«አባዬ!» አለች አስቴር። «ዘንድሮ እንኳ ና እንጂ!... ጣሪያው? ኧረ ጣሪያውማ ተቀየረ! አዲስ ነው! ምስማር እንኳ የለውም!»

ይህን ስትል በቀዳዳው የገባችው ፀሐይ አፍንጫዋ ላይ ታበራ ነበር።

ስልኩን ስትዘጋ «ምስማር የለውም?» አልኳት።

«ከላይ ያ አዲሱ ሎጅ ጣሪያው ምስማር የለውም። ሳልፍ አምሮኝ ነበር፤ አፌ ላይ መጣ።»

«ውሸት ነው እኮ አስቴር!»

«እስከ መስቀል እውነት ይሆናል። አንተ ዜና ሲዘገይ አይደል የምትናደደው? ይኸው አስቀደምኩልህ። አባዬ እመጣለሁ ብሏል!» አለችና ዓይኗ እንባ ሞላ።

እንባውን ባላይ ኖሮ ማስተባበያ አስወጣ ነበር። አየሁት። ስለዚህ ሰኞ ማልጄ አንድ ጥያቄ ይዤ ወጣሁ፤ ምስማር የሌለው ጣሪያ ስንት ያወጣል?

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። ተራ ቆርቆሮ ከላይ በምስማር ይመታል፤ እያንዳንዱ ምስማር ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳው ቀኑን ጠብቆ ያፈሳል። ይኼኛው ግን ረጅም ላሜራ ነው፤ ከጣሪያው ጫፍ እስከ አሸንዳው ሳይቆራረጥ ይወርዳል፤ የአንዱ ጠርዝ ወደ ላይ ይቆምና ከጎረቤቱ ጠርዝ ጋር አብሮ ይታጠፋል፤ መያዣው ከሥር ተደብቋል። ከላይ የተበሳ ነገር የለም። በጣም ጥሩ። ስንት ነው?

ወደ ታችኛው ሰፈር፣ ወደ ሲቀላ ወርጄ አንድ የብረታ ብረት መደብር ገባሁ። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። የልምድ ነገር ሆኖብኝ «ጤና ይስጥልኝ፣ ጋዜጠኛ ነኝ፤ ስለ ጣሪያ ላሜራ ዋጋ ለመጠየቅ ነበር» አልኩ።

ባለመደብሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሸሚዙን ከተተ። «እኛ ጋ ዋጋ ተመጣጣኝ ነው!» አለና አንድ ዋጋ ጠራልኝ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ... ርካሽ!

«በጣም ጥሩ» አልኩት። «ስጠኝና ዛሬውኑ ይጫን።»

«ምኑ?»

«ላሜራው።»

«ቆይ፣ ጋሼ፣ ለዜና ነው ወይስ ለቤት?»

«ለቤት።»

ትከሻው ወረደ፤ ሸሚዙም ተመልሶ ወጣ። «አይ! ለቤት ከሆነማ ዕቃው የለም። ሲመጣ ደግሞ ዋጋው ሌላ ነው።»

«አሁን የነገርከኝስ?»

«እሱ የዜናው ነው።»

ቀጥሎ የገባሁበት መደብርም ሁለት ዋጋ ነበረው፤ አንዱ የሚነገር፣ አንዱ የሚከፈል። ይህን ከሁለት ገለልተኛ ምንጮች አረጋግጫለሁ፤ ሁለቱም የጣሪያ ዕዳ ያለባቸው ጎረቤቶቼ ናቸው።

በመጨረሻ ሰዎች ወደ ሰላማዊት ላኩኝ። ሰላማዊት ከደሴ ለትምህርት መጥታ፣ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ፣ ሥራ ስትፈልግ ቆይታ ከጓደኞቿ ጋር ጣሪያ መሥራት የጀመረች ልጅ ናት። ጋዜጠኛ መሆኔን አልነገርኳትም። እንዲያውም መነጽሬን አውልቄ ነው የሄድኩት።

«ስንት ያወጣል?» አልኳት።

«የቱ ጋሼ?»

«ምስማር የሌለው።»

«ውፍረቱስ? ቀለም የተቀባ ነው ወይስ ያልተቀባ?»

«ጠያቂው እኔ ነኝ!»

«እሺ፣ ይጠይቁ።»

«ስንት ያወጣል?»

«ይወሰናል።»

ሠላሳ ዓመት ባለሥልጣን ስጠይቅ እንዲህ በአንድ ቃል የዘጋኝ የለም። እነሱ ይህንኑ ለማለት መግለጫ ይሰጣሉ።

ቤቴ ድረስ መጣች። መሰላል ጠየቀች፤ ወጣች። ከላይ ሆና «ጋሼ፣ በወለሉ አስበው ከሆነ ይተዉት፤ ጣሪያው ተዳፋት ስለሆነ ከወለሉ ይሰፋል» አለችኝ።

«ማለት ከማስበው በላይ ጣሪያ አለኝ?»

«አዎ።»

በሕይወቴ ካሰብኩት በላይ ንብረት እንዳለኝ ሲነገረኝ የመጀመሪያዬ ነው። ደስታዬ ግን አልቆየም፤ ለትርፉም ይከፈላል።

«ማዕዘኑ ደግሞ በዝቷል» ቀጠለች። «በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላሜራ እየተቆረጠ ይጣላል፤ ለሥራውም ጊዜ ይፈጃል። በረንዳውን ማን ነው ያስጨመረው?»

«ባለቤቴ» አልኩ በኩራት።

«ይቺን ጓዳስ?»

«እሷው ናት!»

«ይቺንስ ጠማማዋን? ከሁሉ የምታስወጣው እሷ ናት።»

አስቴር ከኩሽና አንገቷን ብቅ አድርጋ «ንገራት እንጂ» አለችኝ።

ጠማማዋ የእኔ የጽሕፈት ክፍል ናት። ጥያቄውን ለጊዜው አለፍኩት።

በዚህ አላበቃም። አሮጌው ቆርቆሮ መነቀል አለበት፤ ነቃዩ ይከፈለዋል። ከሥር ያለው እንጨት ምን እንደሚመስል የሚታወቀው ሲከፈት ነው። «እስኪ ገምቺ» ብላት «ጋሼ፣ እኔ እስካላየሁ አልናገርም» አለችኝ። እንዲህ ያለ ሰው ለእኛ ሙያ ነበር የሚያስፈልገው። ጠርዝ የሚያጥፈው ማሽን ከሐዋሳ ነው የሚመጣው፤ መምጫና መመለሻ አለው። ማሽኑን የሚያውቀው ሰው አብሮ ይመጣል፤ ሰውየው ደግሞ ምሳ ይበላል።

ከዚያ ጠቅላላውን ነገረችኝ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፤ ባለቤቴ ይህን ዓምድ ታነባለች። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ከተራው ቆርቆሮ ዋጋ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ስሰማው ቆሜ ነበር፤ ሲያልቅ ተቀምጬ ነበር።

«በእኔ አቅም የቱ ይሠራል?» አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ሳሎኑ።»

«መኝታ ቤቱስ?»

«በጸሎት።»

ሌሊቱን ሳሰላስል አደርኩ። ጉዳዩን ከሙያ አንጻር መረመርኩት። አስቴር ለአባቷ ያለችው «ጣሪያው ተቀየረ» ነው። ምን ያህሉ እንደተቀየረ አልተናገረችም! እንዲህ ያለ መግለጫ ዕድሜዬን ሙሉ ስቀበል ኖሬያለሁ፤ አንድ ጊዜ ብሰጥ ምን አለበት? ሳሎኑ ይሠራ፤ አባባ ሻንካ እዚያው ይቀመጣሉ፤ እዚያው ይበላሉ፤ እዚያው ይተኛሉ። ወደ ጓዳ የሚያስገባው በር በመጋረጃ ይዘጋል። ጠማማዋ ክፍል እንደ ጠመመች ትቆያለች።

ማሽኑ መጣ፤ ሰውየውም ምሳ በላ። ተሠራ። እንዴት እንደሚያምር! ሳሎናችን ከውጭ ሲታይ ሎጅ፣ የቀረው ቤት ደግሞ የሎጁ ዘበኛ ቤት መስሎ ቁጭ አለ።

የመጀመሪያውን ፍተሻ ያካሄደው ዝንጀሮው ነው። ያው የበፊቱ መሆኑን በገለልተኛ ወገን ማረጋገጥ አልቻልኩም፤ አረማመዱ ግን ያው ነው። ከአሮጌው ቆርቆሮ ላይ ዘሎ አዲሱ ላይ አረፈ። ከዚያ... ሄደ! ተንሸራተተ፤ አሸንዳውን አለፈ፤ የጎረቤት ጎመን ውስጥ ቁጭ አለ። ጎመኑ መሐል ተቀምጦ ጣሪያውን ረጅም ጊዜ አየው። እሱም ዋጋውን የሚያሰላ ይመስል ነበር።

መስቀል ደረሰ። አባባ ሻንካ ዘንጋቸውን ይዘው፣ አዲስ ቡሉኮ ደርበው በግቢው በር ገቡ። አስቴር ተንደርድራ ጉልበታቸውን ሳመች። ሳሎን ውስጥ ያዘጋጀንላቸውን ወንበር ለማስተካከል ሮጣ ገባች። እኔ በአዲሱ ጣሪያ ትይዩ ቆሜ፣ አንገቴን ሽቅብ አቅንቼ፣ ቀና እስኪሉ ጠበቅኩ።

ቀና አላሉም። ጎንበስ አሉ።

ይህን ማሰብ ነበረብን፤ በተለይ አስቴር። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ የተሠራ ረጅም ቤት ነው፤ የሚያልቀው ደግሞ ከሥሩ ነው። ምስጥ እግሩን ይበላዋል፤ የተበላው ይቆረጣል፤ ቤቱ እያጠረ ይሄዳል። ቦታ መቀየር ሲያስፈልግ መንደሩ ይጠራና ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ሌላ ቦታ ያኖረዋል። እዚያ ያደገ ሰው ቤት ሲጎበኝ አናቱን አያይም። እግሩን ነው የሚያየው።

አባባ ሻንካ ዓይናቸውን ከመሬት ሳይነቅሉ ግድግዳውን ተከትለው መዞር ጀመሩ። በየደረሱበት ግርጌውን በዘንግ ነካ ያደርጋሉ። ነካ... ነካ... እኔ ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ «አባባ፣ ጣሪያውን...» እላለሁ።

«ቆይ ልጄ።»

ሳሎኑ ጋ ሲደርሱ ዘንጋቸው ጭቃውን አልፎ ገባ። ገፋ አደረጉት። ገባ። እስከ እጀታው ገባ። ከውስጥ አስቴር ጮኸች፤ የዘንጉ ጫፍ ከወንበሩ ሥር ብቅ ብሎላት ነበር።

«ምስጥ» አሉ አባባ ሻንካ።

«ጣሪያውስ አባባ?» አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ነበር።

ያን ጊዜ ቀና አሉ። ረጅም ጊዜ አዩት። «ይኼ ነው ምስማር የሌለው?»

«ይኼ ነው!»

«ሳይበሳ እንዳለ ይነሣል ማለት ነው።»

«ተነሥቶ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«አዲስ ቤት ላይ ነዋ!» አሉኝ እንደ መገረም ብለው። «ጣሪያስ ገዝተሃል። የቀረህ ቤቱ ነው።»

ማታ ከባድ ዝናብ መጣ። ሳሎኑ ውስጥ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። የአዲሱ ጣሪያ ድምፅ ለስለስ ያለ ሹክሹክታ ነው፤ ከመጋረጃው ወዲያ ግን አሮጌው ቆርቆሮ ከበሮውን ይደልቃል፤ ከሥሩ የደረደርናቸው ባልዲዎችም ያጅቡታል።

አባባ ሻንካ ዳጣቸውን እያጠቀሱ ጆሯቸውን አቀኑ። «በዚያ በኩል ነው እንዴ የሚዘንበው?»

«አዎ አባዬ» አለች አስቴር ዓይኗን ሳታሽ። «ሴቻ እንዲህ ናት። በዚያ ሲዘንብ በዚህ ያባራል።»

አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን፣ አንዴ ዳጣውን አዩ። «ዘንድሮ ወጣችሁ ወፍራም ነው» አሉ። አስቴር ወደ መጋረጃው ዞራ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። እንግዳችን ወንበሯን ከዘንጉ ቀዳዳ ራቅ አድርገው ሳሎኑ ውስጥ አደሩ፤ ያንኮራፉ ነበር፤ ይህን እኔው ራሴ ሰምቻለሁ።

ጠዋት ስልኬን ተውሰው ዶርዜ ደወሉ። ንግግሩ በጋሞኛ ስለነበር ሁሉንም አልተከታተልኩም። ስሜ ሁለት ጊዜ ተጠርቷል፤ በሁለቱም ጊዜ ከወዲያ በኩል ሳቅ ተሰምቷል። አስቴር እንድትተረጉምልኝ ስጠይቃት «ይወሰናል» ብላኝ ወደ ኩሽና ገባች።

ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ሴቻ። ቀርከሃ የጫነ አይሱዙ በራችን ላይ ቆሟል። ከጭነቱ ላይ የተቀመጡት የአባባ ሻንካ መንደር ሰዎች እየወረዱ ነው።