የሚሊሜትር ቃዲ

በየሰፈሩ የሰው ሥራ ላይ እንከን እንዲያወጣ የተመደበ አንድ ሰው አለ። እናንተም ሰፈር አይጠፋም። አልጋ ስታስገቡ በሩ ላይ ቆሞ «አያልፍም» የሚለው፣ ግድግዳ ስታስለስኑ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ «ወደ ግራ አዘንብሏል» የሚለው፣ አጥር ስታጥሩ ሳይጠሩት መጥቶ አንገቱን የሚነቀንቀው፣ እሱ ነው። ይህ ሰው ሁለት ጥፋት አለበት። አንደኛው መናገሩ ነው። ሁለተኛውና ይቅር የማይባለው ደግሞ ትክክል መሆኑ ነው።

የከሚሴ ድርሻ ሴት ሆና መጣች። ስሟ ዑሙልኸይር ነው፤ የመልካም ነገር እናት ማለት ነው ይላሉ ዐረብኛ የሚያውቁት። እኛ የሙያ ማሰልጠኛ ጓደኞቿ ግን ሌላ ሹመት ሰጥተናት ነበር፦ ክብርት የሚሊሜትር ቃዲ።

ጊዜው ሚሊኒየሙን ካከበርን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። እኔና እሷ የብረት ሥራ ሰልጣኞች ነበርን። የክፍሉን ትምህርት ስንጨርስ ለልምምድ ሀጂ አብዱልጀሊል ቶርኖ ቤት ተመደብን። ቶርኖ ቤት ገብቶ ለማያውቅ ሰው፣ ብረት ማሽን ላይ እየዞረ እንደ ሸንኮራ የሚላጥበት ቤት ነው። የሀጂ ቤት የደሴው መንገድ ዳር ነበር። ማሽናቸው አርጅቷል። ሊነሳ ሲል ያጓራል፣ ሲቆም ያቃስታል። ሀጂ ግን «ይኼ ማሽን ሦስት መንግሥት አይቷል፤ ስትነኩት ቢስሚላህ በሉ» ይሉናል።

በመጀመሪያው ቀን ለሁለታችንም ካሊፐር ሰጡን። ካሊፐር መንጋጋ ያለው መለኪያ ነው፤ ዕቃውን ነከስ አድርጎ ውፍረቱን እስከ ሚሊሜትር ስባሪ ይናገራል። እኔ የእኔን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ዑሙልኸይር የእሷን የቱታዋ የደረት ኪስ ውስጥ ከተተችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የከተማው ሰላም ታወከ።

ሻይ ልንጠጣ ስንወጣ ብስኩቱን ለካችው። «ያለፈው ሳምንት ከዚህ ይወፍር ነበር» አለች። ባለሱቁ «ወላሂ እኔ አልላጥኩትም!» ብሎ ማለ። ልብስ ሰፊው የሸሚዜን ቁልፎች ሲቀይርልኝ አንዷ ከጓደኞቿ እንደምታንስ አረጋገጠችለት፤ ሰውየው እስከ ዛሬ እኔን ሲያይ ፊቱን ያዞራል፣ እሷን ግን ቆሞ ሰላም ይላታል። ይህ ፍርድ እስካሁን አልገባኝም። የገዛ እናቷ እትዬ ዘሊካ ሳይቀሩ ቶርኖ ቤት ድረስ ክስ ይዘው መጡ።

«ሀጂ፣ ይቺን ልጅ ምከሩልኝ። የቂጣውን ዳርና መሀል ትለካብኛለች። ቤቴ ውስጥ ሰው ሆኜ መኖር አቃተኝ።»

ሀጂ በጥሞና አዳመጧቸው። ጺማቸውን ዳበሱ። ከዚያ «እና ልዩነቱ ስንት ሆነ?» ብለው ጠየቁ። እትዬ ዘሊካ ተስፋ ቆርጠው ተመለሱ።

አንድ የገበያ ቀን ሀጂ ወደ ሰንበቴ ከተማ ላኩን። በከብት ተራው ስናልፍ አንድ ግዙፍ ፍየል አየችና ቆመች። ካሊፐሩ ወጣ። ከአፋር በረሃ ፍየሉን ነድቶ የመጣው ባለቤት በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ቀንዱ ሲለካ ዝም ብሎ አየ አየና «ልብስ ልትሰፊለት ነው?» አላት።

«የቀኝ ቀንዱ ከግራው ይወፍራል» አለችው በሐዘኔታ።

ሰውየው ፍየሉን አየ፤ እሷን አየ። «እሱ እኮ እስካሁን አላወቀም ነበር። በከንቱ አሳዘንሽው» አላት።

ሥራ ላይ ደግሞ መከራው የእኔ ነበር። እጄ ፈጣን ነው፤ ሀጂም ይህን አይክዱም። ሠርቼ ሳስረክብ ግን በሀጂና በእኔ መሀል ቃዲዋ ትቀመጣለች። «ልክ ነው፣ እዪው» እላታለሁ። «ዓይን ሐሜተኛ ነው» ትለኛለች፤ «ግማሹን ያያል፣ ግማሹን ከራሱ ይጨምራል። አምጣው።» ትለካዋለች። ትመልሰዋለች። እንዲህ እየመለሰች ብዙ ብረት አስፈጀችኝ። እኔም ማታ ማታ ለጓደኞቼ እሷን ሳማ አመሽ ነበር፤ ከሚሴ ውስጥ የእሷን ክስ ከእኔ አፍ ያልሰማ ቢኖር እንግዳ ብቻ ነው።

አንድ ሐሙስ ሀጂ ለቅሶ ሊደርሱ ሰንበቴ ሄዱ። «ቡሎን እየጠረባችሁ ጠብቁኝ። ትልቅ ሥራ እንዳትጀምሩ» ብለው አስጠነቀቁን። ገና አቧራቸው ሳይበርድ አንድ ባጃጅ ደጃፉ ላይ ቆመ። አንዲት ሴት በሻሽ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን አቅፈው ወረዱ። እትዬ ረቢአ ይባላሉ፤ ከጨፋ ነው የመጡት። ሻሹን ሲገልጡት አንገቱ ላይ የተሰበረ የውኃ ፓምፕ ሻፍት ነው፤ ኩሽኔታ በሚባለው የብረት ቀለበት ውስጥ ገብቶ የሚዞረው ዋናው ዘንግ። ኩሽኔታውም አብሮ ተጠቅልሏል።

«ሀጂ የሉም?»

«ለቅሶ ሄደዋል እትዬ። ነገ ይመለሳሉ» አልኳቸው።

«ነገማ ሽንኩርቴም ለቅሶ ነው።»

ቁጭ ብለው ነገሩን አስረዱን። ቦርከና ወንዝ ዳር መሬት አላቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የባላቸው ወንድሞች «መሬቱን እኛ እንያዝልሽ፤ ሴት ብቻዋን አትችለውም» ይሏቸዋል። እሳቸው እምቢ ብለው ከልጃቸው ጋር ሽንኩርት ተከሉ። ፀሐዩ በበረታበት ሰሞን ፓምፑ ተሰበረ፤ ውኃው ከቆመ ሰንብቷል። ወንድማማቾቹ ጠዋት ማታ መጥተው ማሳው ዳር ይቆማሉ። «አይናገሩም» አሉ እትዬ ረቢአ። «ቅጠሉ ሲጠወልግ ማየት ብቻ ነው ሥራቸው።»

እኔና ዑሙልኸይር ተያየን። እሷ ተነስታ ጓዳ ገባችና አንድ የብረት ዘንግ ይዛ ወጣች። «ለዚህ የሚሆን ያለን ይኸው ብቻ ነው» አለች። «ካበላሸነው ሌላው ኮምቦልቻ ነው። አንተ ላጥ፣ እኔ እለካለሁ።»

«ሀጂስ?»

«ሀጂ ቢኖሩ እምቢ የሚሏቸው ይመስልሃል?»

ቢስሚላህ ብዬ ማሽኑን አስነሳሁት። ብረት እንደ እንጨት አይደለም፤ አንዴ ከተላጠ መልሶ አይለብስም። ስለዚህ ቀስ እያልኩ ላጥኩ፣ እሷ ለካች፤ ላጥኩ፣ ለካች። የባጃጁ ሹፌር ጡሩንባውን ይነፋል። እትዬ ረቢአ ከበሩ ወደ ማሽኑ፣ ከማሽኑ ወደ በሩ ይመላለሳሉ። ቀትር ካለፈ በኋላ ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ደረስን። ማሽኑን አቆምኩና ላቤን ጠረግሁ።

«አለቀ፤ አልሀምዱሊላህ» አልኩ።

ለካችው። «ገና ነው። የፀጉር ግማሽ ይቀረዋል።»

«በመዶሻ መታ መታ ብናደርገው ይገባል።»

«መዶሻ የሰነፍ ካሊፐር ነው።»

እዚህ ላይ እትዬ ረቢአ ፈነዱ። «አንቺ ልጅ! ሽንኩርቴ በፀሐይ እየተጠበሰ የፀጉር ግማሽ ትይኛለሽ? ለመሆኑ የማን ፀጉር ነው? አምጪው፣ እሱ በመዶሻ ያስገባልኝ!»

እኔ በሆዴ አጨበጨብኩ። በመጨረሻ አንድ ሰው ተናገረልኝ። ዑሙልኸይር ግን ብረቱን አልለቀቀችም። እየተጮኸባት ካሊፐሩን መልሳ አስጠጋች፤ ጣቷ ንቅንቅ አላለም።

«እትዬ፣ አውፍ ይበሉኝ» ብላ በቀስታ ይቅርታ ጠየቀች። «በመዶሻ ከገባ ኩሽኔታው ይጎዳል። ዛሬ ውኃ ያወጣልዎታል፤ ሰንበት ብሎ መልሶ ይሰብረዋል። ያን ጊዜ ግን እኛም ብረት የለንም፣ እርስዎም ሽንኩርት የለዎትም። የባልዎ ወንድሞች ማሳው ዳር የቆሙት ይኼን ሊያዩ አይደለም?»

እትዬ ረቢአ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አሉ። 

የቀረውን ልጨርስ ማሽኑን አስነሳሁ። መዞር ጀመረ። መብራት ጠፋ።

ማሽኑ አቃስቶ ቆመ። እትዬ ረቢአ «ላ ኢላሀ ኢለላህ» ብለው ፊታቸውን በሻሹ ሸፈኑ። እኔ የያዝኩትን መፍቻ መሬት ልጥለው ምንም አልቀረኝም። ዑሙልኸይር ማሽኑን ዞር ብላ አየችና «ቺንጋውን በእጅህ ሳበው» አለችኝ።

«ይኼ ሁሉ ብረት በእጅ?»

«የፀጉር ግማሽ ነው አልኩህ እኮ። ሊዞር ብቻ ነው የምንፈልገው።»

ቺንጋውን፣ ማሽኑን የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ በሁለት እጄ ይዤ ሳብኩ። ዘንጉ እያዘገመ ዞረ። እሷ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ዘይት አስነክታ ብረቱን ጨበጠችው። ክንዴ ሲዝል እትዬ ረቢአ ሻሹን ወገባቸው ላይ አስረው «ወዲያ በል» ብለው ከጎኔ ገቡ። ባጃጁም ጡሩንባውን ተወ፤ ሹፌሩ ወርዶ ከእኛ ጋር ሳበ። እየሳብን፣ እያቆምን፣ እየጠረገች፣ እየለካች ቆየን። ማንም ሰዓት አላየም። ከመስጊዱ የከሰዓቱ የዐስር ሶላት አዛን ሲሰማ ካሊፐሩን ኪሷ ከተተችው።

«ኩሽኔታውን ስጡኝ።»

በመዳፏ ገፋችው። ገባ። አንዲት ድምፅ ሳያሰማ ገብቶ ቦታው ላይ ቁጭ አለ። እትዬ ረቢአ እልልታቸውን ሲያቀልጡት የመንገዱ ሰው ሰርግ መስሎት ቶርኖ ቤቱን ሞላው።

ሻፍቱን ይዘን በዚያው ባጃጅ ጨፋ ወረድን። ልጃቸው ቶፊቅ ፓምፑን ፈትቶ ይጠብቀን ነበር። ገጠምነው። ሞተሩ ሁለቴ አስለና ተነሳ፤ ቱቦው መጀመሪያ ጭቃ ተፋ፣ ቀጥሎ ጥርት ያለ ውኃ ቦዩን ይዞ ሄደ። ማሳው ዳር የቆሙት የባላቸው ወንድሞች ጥቂት አይተው፣ ልብሳቸውን አራግፈው ሄዱ። እትዬ ረቢአ ከቦዩ በእፍኛቸው ቀድተው የዑሙልኸይርን ግሪስ የነካው ፊት አጠቡ። «ኢንተላ ቲያ» አሏት። በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው።

ሀጂ ሲመለሱ ወሬው ቀድሟቸው ነበር። «ያለ ፈቃዴ ማሽኔን!» ብለው ተቆጡን፤ ቁጣውም ተገቢ ስለነበር አንገታችንን ደፋን። ከጁምዓ በኋላ ግን ጨፋ ድረስ ሄደው ፓምፑ ሲሠራ ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙት።  ከዚያ ወዲያ ቡሎን የሚጠርብ ሌላ ሰው ተገኘ፤ ትልልቁ ሥራ ለእኛ ሆነ።

ሽንኩርቱ ከተነሳ በኋላ እትዬ ረቢአ እንደገና መጡ። ዑሙልኸይር አልነበረችም። ለሀጂ ሽንኩርት በስጦታ ይዘው ነው የመጡት፤ ነገር ግን አስረክበው አልሄዱም። አጠገቤ ቁጭ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ነጂብ፣ እውነቱን ንገረኝ። ያቺ ልጅ እንዴት ያለች ሰው ናት? ለቶፊቅ አስቤያት ነው።»

ይኸው ቀኔ ደረሰ! ያን ያህል ጊዜ የተጠራቀመ ክስ አለኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«እትዬ፣ አልዋሽዎትም። ሁሉን ትለካለች። የበሰለውንም ያልበሰለውንም። የተሳሳተ ነገር አይታ ማለፍ አይሆንላትም፤ ልጅዎን ዕድሜ ልኩን ታርመዋለች።»

«እሱን አይቻለሁ። እንዲያ ስጮህባት እጇ እንኳ አልተንቀጠቀጠ። እኔም የምፈልገው ለዚያ ነው።» ከዚያ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩኝ። «አንተስ? እንዲህ አብረሃት ውለህ ለራስህ አላሰብካትም?»

«እኔማ…» አልኩ። «እህቴ ናት።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ከእትዬ ረቢአ ይልቅ እኔ ደነገጥኩ። ያማኋት ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም።

ሽማግሌ ተላከ፣ እትዬ ዘሊካም «ውሰዷት፣ ቂጣዬን በሰላም ልብላ» እያሉ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ቶፊቅ ቀለበት ይዞ በመጣ ዕለት እሷ ምን እንዳደረገች መገመት አያቅታችሁም። «ክብ አይደለም» አለችው።  ቶፊቅ ግን ፈገግ ብሎ «ጣትሽስ ክብ ነው?» አላት። ለካችው። አልነበረም። ዑሙልኸይር ካሊፐሩን አስቀመጠችና ጣቷን ዘረጋችለት።

የሰርጉ ቀን የጋብቻ ውሉን፣ ኒካሑን፣ አጎቷ አሰሩ። አባቷ በልጅነቷ ነው የሞቱት፤ ከእሷ በላይም በታችም የተወለደ የለም። ሙሽራዋን እጇን ይዞ ከእናቷ ደጅ እስከ መኪናው የሚሸኛት ወንድም ሲፈለግ፣ እትዬ ዘሊካ በሰው መሀል ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። እኔ ከሀጂ ጎን ትሪ ከብቤ አፌን ሞልቼ ነበር።

«ነጂብ! ተነስ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

እጄን ታጥቤ ሄድኩ። ሂና በተቀባ እጇ ያዘችኝ። በሩ ላይ ስንደርስ ከጨፋ የመጡ አንዲት እንግዳ እትዬ ዘሊካን «ይኼ ማነው?» ብለው ጠየቁ።

«ትልቁ ልጄ ነው» አሉ እትዬ ዘሊካ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

እኔ ከዑሙልኸይር በአንድ ዓመት አንሳለሁ። ታውቃለች። ሰምታለችም፤ ቀና ብላ አየችኝ፣ ልታርምም ከንፈሯ ሊላቀቅ ደረሰ።

ከዚያ ገጠመችው። እጄን ጠበቅ አደረገችና ወደ መኪናው ሄድን።