በበሬ የተገዛ ዲግሪ

ሰው ልጁን የሚያስተምረው ለእውቀት ብሎ ነው የሚሉ ሰዎች በሬ ሸጠው የማያውቁ ናቸው። የአማኑኤል ዙሪያ ገበሬ ከሁለት በሬው አንዱን ሸጦ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ሲልክ፣ ያ በሬ አንድ ቀን ደልቦ፣ ኮት ለብሶ ይመለሳል ብሎ ነው የሚጠብቀው። አትፍረዱበት። እናንተም ብትሆኑ ትጠብቁ ነበር።

እኔ የተመለስኩት የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህር ሆኜ ነው። አባቴ «ልዩ» የሚለውን ሲሰማ ደመወዙም ልዩ መስሎት ነበር። እንደማንኛውም አስተማሪ ደመወዝ ወሩ ሳይጋመስ የሚያልቅ መሆኑን ሲረዳ ዝም አለ። የማስተምረው መስማት የተሳናቸውን፣ ያውም በእጄ ምልክት እየሰጠሁ መሆኑን ሲያውቅ ግን ዝምታውንም ትቶ ማጉረምረም ጀመረ። አብሮኝ የተማረው የጎረቤት ልጅ ትምህርቱን አቋርጦ ደብረ ማርቆስ ባጃጅ ይነዳል፤ ለአባቱ የቆርቆሮ ቤት ሠርቶለታል። የእኔ አባት ደግሞ በአንድ በሬ ቀርቶ፣ እንደሱው ባለ አንድ በሬ ከሆነው ከአያ ካሴ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል፤ ሁለቱን በሬዎች ጠምደው አንድ ቀን ለእሱ፣ አንድ ቀን ለአያ ካሴ። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» የምትለዋን ተረቱን በየበዓሉ ከጠላው ጋር አብሬ እጠጣታለሁ።

ባለፈው ሰኔ ታዲያ ያ የቀረው በሬ፣ ዳልቻ፣ ጠፋ። ሰኔ ላይ በሬ የጠፋበት ገበሬ አይታችሁ ከሆነ ማብራሪያ አያስፈልጋችሁም። እርሻው ካለፈ የዓመቱ እንጀራ አለፈ ማለት ነው። በዚያ ላይ ዳልቻ የጠፋው በአያ ካሴ ተራ፣ ከአያ ካሴ ደጅ ታስሮ ሳለ ነው። መንደሩ ዓይኑን ማን ላይ እንደጣለ ለመገመት ዲግሪ አያስፈልግም። ሁሉም ተሰርቋል ብሎ ስላመነ ሁለት ቀን ሙሉ የተፈለገው በደምበጫ ገበያ መንገድ ብቻ ነበር። አብረው ያደጉት አባቴና አያ ካሴ ሰላምታ አቆሙ።

አውጫጭኝ ተጠራ። ለማታውቁት፣ አገሬው ተሰብስቦ ያየና የሰማ እስኪናገር ድረስ ማንም ወደ ቤቱ የማይሄድበት ሸንጎ ነው። ከወይራው ሥር ሽማግሌዎቹ ሰዉን አንድ በአንድ እያስነሱ ጠየቁ፤ ሁሉም አላየሁም አልሰማሁም አለ። ጥሩዬ ጋ ሲደርሱ ግን አለፏት። ጥሩዬ ከአያ ካሴ ቤት ፊት ለፊት፣ ደጇ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል የምትውል ሴት ናት፤ ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም። በሠላሳ ዓመቷ ከልጆች ጋር አንደኛ ክፍል ገብታ እኔ አስተምሬያታለሁ። ጆሮው የማይሰማ ሰው ዓይኑም የማያይ ይመስላቸዋል መሰለኝ፣ ሰብሳቢው ሽማግሌ «እሷን ተዋት» ብለው ወደ ቀጣዩ ዞሩ። መጨረሻ ላይ አያ ካሴ በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ እንዲምል ተወሰነ። አያ ካሴ ንጹሕ ሆኖም መሐላ የሚፈራ ሰው ነው። ፊቱ አመድ መሰለ።

እኔ እስከዚያ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ። ጨዋ ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ በሰው ፊት እጄን ሳወናጭፍ አባቴ እንዳያፍርብኝ ፈርቼ ነው። የአያ ካሴን ፊት ሳይ ግን አላስቻለኝም። ተነሣሁ፣ አባቶቼን ይቅርታ ጠየቅሁና ጥሩዬን በምልክት ጠየቅኋት። በሬው ራሱ ችካሉን ነቅሎ፣ ገመዱን እየጎተተ ወደ ወንዙ ሲወርድ አይታለች። አያ ካሴ ያኔ ቤቱ አልነበረም። ሰብሳቢው ታዲያ እስከ አሁን ለምን ዝም አለች ብለው በእኔ በኩል ጠየቋት። መልሷን ተረጎምኩላቸው።

«ማን ጠየቀኝ?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።

ዳልቻ ከወንዙ ማዶ፣ ገመዱ ከቁጥቋጦ ተጠላልፎ፣ ከስቶ ግን ጅብ ሳይደርስበት ተገኘ። እፎይ አልኩ፤ ለበሬውም፣ ለአያ ካሴም፣ እውነቱን ለመናገር ለዲግሪዬም ጭምር። አባቴ የአያ ካሴን ጉልበት ስሞ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ወደ ጥሩዬ ሄደና በምልክት እንዴት እንደሚያመሰግናት ስላላወቀ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ። ገብቷታል።

ዳልቻን እየነዳን ወደ ቤት ተመለስን፤ ገመዱን አባቴ ይዞታል።

«አንድ በሬ ወጣ፣ አንድ በሬ ገባ። አልከሰርኩም» አለ። ትንሽ ሄድ ብሎ ደግሞ «ይኼ ሁለተኛ ዲግሪ የሚሉትስ ስንት ይፈጃል?»

«አንድ በሬ» አልኩና ዳልቻን አየት አደረግሁት።

አባቴ የዳልቻን ገመድ እጁ ላይ አንድ ዙር ጨምሮ ጠመጠመው።