ሊቀ ሚዛን ቶባያስ እና አራቱ እኩልነቶች

በዓለም ላይ ላለ መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ ሰው ይመደብለታል፤ «ያው ነው» ብላችሁ ወሬ ልትጨርሱ ስትሉ «በምን ሚዛን?» ብሎ ወንበር ስቦ የሚቀመጥ ሰው። ሌላ ቦታ ይህ ሰው መዝገብ ቤት ወይም ሂሳብ ክፍል ይገኛል። እዚህ ካምብሪጅ፣ በሊስፕ ቋንቋ የኮምፒውተር ፕሮግራም ስንጽፍ ለምንውል ምስኪኖች የደረሱን ግን ሊቀ ሚዛን ቶባያስ ፔል ናቸው። ሹመቱን የሰጠናቸው እኛው ነን፤ አንቱታውም ከሹመቱ ጋር የመጣ ነው። እሳቸው ቀልድ መሆኑን ያወቁ አይመስለኝም፤ ካወቁም ይገባኛል ብለው ተቀብለውታል።

እርግጥ ጥፋቱ የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ የቋንቋውም ነው። ሊስፕ ሁለት ነገሮች እኩል መሆናቸውን የሚጠይቅበት አንድ መንገድ አልበቃው ብሎ አራት አበጅቷል። ኢክ የሚባለው ጨካኝ ነው፤ ያው ራሱ፣ እዚያው ቦታ የተቀመጠው ካልሆነ «አላውቀውም» ይላል። ኢክልም እንደ ኢክ ነው፤ ለቁጥር ግን ይራራል። ኢኳል ይዘታቸውን አይቶ ያምናል። ኢኳልፒ ደግሞ ትልቁን ፊደል ከትንሹ እንኳ አይለይም፤ ሁሉም ዘመዱ ነው። ጤነኛ ሰው ይህን ሥራ ቦታው ላይ ትቶት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቶባያስ ይዘውት ይሄዳሉ።

ዓርብ ዓርብ ምሳ የምንበላው ቻይና ቤት ነው። አንድ ቀን ባልደረባችን ሀዋርድ በዝንጅብል የተሠራውን ዶሮ አዘዘ፤ እኔም «ለእኔም ያው» አልኩ። ሊቀ ሚዛን የሻይ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«ያው ራሱ ከሆነ ከሀዋርድ ጋር ከአንድ ሳህን ልትበሉ ነው። እሱን የመሰለ ሌላ ዶሮ ከሆነ የፈለግሽው፣ እንዲያ በይ እንጂ ግሬታ።»

«ጀመሩ ደግሞ!» አለ ሀዋርድ።

አስተናጋጇ ሚስስ ፎንግ ሃያ ዓመት ችላቸዋለች። «አንቺ ዶሮ ትበያለሽ፣ እሳቸው ዝም ይላሉ» ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች።

ይኸው ሀዋርድ ወንዙ ላይ ጀልባ ሲቀዝፍ የጋብቻ ቀለበቱ ውሃ ውስጥ ገባበት። ከዚያው መደብር፣ በዚያው ልክ፣ ውስጡ የተቀረጸውን ጽሑፍ እንኳ ሳያስቀር ሌላ አሠራና «ናዲን በምን ታውቃለች?» እያለ እጁን አሳየን። ቶባያስ ቀለበቱን ተቀብለው መብራት ሥር አገላበጡት።

«በኢኳል ያልፋል፣ በኢክ ይወድቃል። ሚስትህ የትኛዋ ናት?»

ሀዋርድ በሳቅ ፈነዳ። ናዲን ግን ኢክ ሆና ተገኘች፤ እሱም ሁለት ሳምንት የቢሮው ሶፋ ላይ ከረመ። ቶባያስ በሶፋው አጠገብ ባለፉ ቁጥር «ጠይቄው ነበር» ይላሉ። ሌላ ነገር አይሉም።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። በረዶ በጠናበት በጥር ወር ለአንድ የባቡር ድርጅት ፉርጎዎቹ የት የት እንዳሉ የሚከታተል ፕሮግራም እጽፍ ነበር። ድርጅቱ ከፈረመ ክፍላችን ይቀጥላል፣ ካልፈረመ ይዘጋል። ማክሰኞ ለድርጅቱ ሹም ልናሳይ ነው፤ አለቃችን ቬራ «ማክሰኞን ያበላሸ ሰው ረቡዕ እዚህ እንዳላየው» ብላለች። ይህን ስትል የምታየው እኔን ነበር። ከተቀጠርኩ ስድስት ወሬ ነው፣ የቤት ኪራዬም የሚከፈለው ከዚያችው ደሞዝ ነው።

እኔ ደግሞ ፉርጎን በቁጥሩ ለመፈለግ ኢክን ተጠቀምኩ። ፈጣን ነዋ! ቶባያስ ገጹን ሲያዩ እርሳሳቸው መስመሩ ላይ ቆመ።

«ግሬታ፣ ቁጥርን በኢክ?»

«ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል።»

«በምን ያህል ቁጥር?»

«ከአንድ እስከ ሃምሳ።»

«ድርጅቱ ያለው ሃምሳ ፉርጎ ነው?»

«ኧረ በእናትዎ! ቁጥር ቁጥር ነው።»

እርሳሳቸውን አንስተው ሄዱ። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት የድርጅቱ ሹም ሚስተር ዱጋን በረዶ በያዘ ጫማቸው ገቡ። አርባ ዓመት ሐዲድ ላይ የኖሩ ሰው ናቸው። ከኪሳቸው ወረቀት አወጡና አንድ እውነተኛ የፉርጎ ቁጥር፣ ባለ አሥራ ሁለት አሃዝ፣ በአንድ ጣታቸው መቱ። ማሽኑ ትንሽ አሰበና «እንዲህ ያለ ፉርጎ የለም» አለ። ቁጥሩ ግን እዚያው ስክሪን ላይ፣ ከመልሱ ከፍ ብሎ ባለው ዝርዝር ውስጥ ቁጭ ብሏል።

«ልጄ፣ ይሄ ቁጥርና ያ ቁጥር አንድ አይደሉም እንዴ?» አሉ ሚስተር ዱጋን።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከኋላዬ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ።

«በምን ሚዛን?» አሉ ቶባያስ።

አለቀልኝ አልኩ በሆዴ። እሳቸው ግን መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና ለእንግዳው ማስረዳት ጀመሩ። ማሽኑ ትንንሽ ቁጥሮችን እንዳሉ ይይዛቸዋል፤ ትልልቆቹን ግን በተመቱ ቁጥር አዲስ ቅጂ ያበጅላቸዋል፤ ኢክ ደግሞ በቅጂ አያምንም። እያወሩ የእኔን ኢክ አጥፍተው ኢክልን ተኩ። ሚስተር ዱጋን ተሰላችተው ይወጣሉ ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ኮታቸውን አወለቁ።

«እኛ ጋ አንድ ቀቢ ተሳስቶ ሁለት ፉርጎ ላይ አንድ ቁጥር ጻፈ። አንዱ ድንች ጭኗል፣ አንዱ ሲሚንቶ። ሲሚንቶው ድንች ነጋዴው ደጃፍ ተራገፈልዎ! ያኔ እርስዎ የት ነበሩ?»

የቶባያስ ፊት በራ። ግማሽ ሰዓት ተጫወቱ፣ ፉርጎውም ተገኘ፣ ሚስተር ዱጋንም ፈረሙ።

እንግዳው እንደወጡ፣ ሁሉን ከዳር ቆማ ስታይ የቆየችው ቬራ በሩን ዘጋች። ወደ ማሽኑ ሄዳ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች።

«ይህን መስመር የጻፈው ማነው?»

አፌን ስከፍት ቶባያስ ቀደሙኝ። «እኔ ነኝ።»

ቬራ አፈጠጠችባቸው። እሳቸውን ማባረር አትችልም፤ የዚያን ማሽን ግማሽ ጠባይ ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። «ከእርስዎ አልጠብቅም ነበር» ብላ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ሮጬ ደረስኩባቸው። እንባዬ መጥቶ ነበር።

«ምነው፣ ለእኔ ብለው ዋሹ?»

ከልባቸው ተቆጡ። «ማነው የዋሸው? አሁን እዚያ ያለውን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያንቺን አጥፍቼዋለሁ። አጣርቶ መጠየቅ የእሷ ፈንታ ነው።»

እዚያው ልስማቸው ቃጣኝ፤ ወደዱም ጠሉም እኔ እንደሆነ ወድጃቸው ቀርቻለሁ። እሳቸው ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«ይልቅ ነገ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነይ። ፕሮግራምሽ ውስጥ ኢክ ያለ ቦታው የገባባቸው አሥራ አንድ መስመሮች ቆጥሬያለሁ።»

ዝም ብል በቀረልኝ። ሆኖም እሳቸው ያላዩዋቸው ሌሎች ሦስት ለሰው ለማሳየት ባፈርኩበት ፋይል ውስጥ ነበሩ፣ እሳቸውንም ማታለል ከበደኝ።

«አሥራ አራት ናቸው» አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አብረን ሠርተናል። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም።